በበዓል ቀን ቀንበር ስለ ማውረድ

በሬ በሰንበት አይጠመድም። ቀንበሩ ከጫንቃው ወርዶ፥ ሞፈሩ ከግድግዳ ተደግፎ፥ እርሱ በመስክ ሲግጥ ይውላል። ነገር ግን ቀንበር ወረደለት ማለት ከጎረቤት ገብስ ይግባ ማለት አይደለም፤ እረኛው በሰንበትም ቢሆን እረኛ ነው። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በልጆች ነገር ግን ገበሬውም፥ ነጋዴውም፥ ሸማኔውም ይህን ይረሳል። በበዓል ቀን አንዱ ቀንበሩን አላወርድም ብሎ ልጁን ሲያስጨንቅ ይውላል፤ ሌላው ደግሞ ቀንበሩንም እረኛውንም በአንድነት አሰናብቶ ልጁን ለገደል ይተወዋል።

ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የጨንቻ አገር ነው። ጨንቻ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኝ፥ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የተወጣባት፥ ብርድና ጉም የማይለያት ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር በፊት የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። የዚህ ደጋ ሰዎች፥ ይልቁንም ዶርዜዎች፥ በሸማ ሥራ የታወቁ ስለ ሆኑ፥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ተቀምጠዋል። ዓመቱን ሁሉ ድርና ማግ ሲያጋጥሙ ይከርሙና፥ መስከረም በጠባ ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዘው ወደ አባቶቻቸው ቤት ይመለሳሉ። መስከረም 17 ቀን መስቀል ነውና። ለጋሞ ሰው መስቀል ከበዓላት እንደ አንዱ የሚቆጠር አይደለም፤ የዓመቱ ራስ ነው። አባት ለሥጋው፥ እናት ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። የተጣላ ይታረቅበታል፤ የራቀ ይቀርብበታል፤ ሰው ከሰው ሲገናኝም «ዮ ማስቃላ» ይባባላል።

የሸማኔው ልጅ በከተማ ሳለ ብዙ ሥርዓት ተሠርቶለታል። ማታ በሁለት ሰዓት ተኩል ይተኛል። እጁን ሳይታጠብ ከማዕድ አይቀርብም። ከረሜላ በእሑድ ቀን ብቻ ይሰጠዋል። ልብሱን አያቆሽሽም፤ ከመንገድ ልጆች ጋር አይውልም፤ በቤት ውስጥም አማርኛ ይናገራል። እነዚህ ሥርዓቶች ክፉ አይደሉም፤ የከተማ ቤት ያለ እነርሱ አይጸናም። በአንዲት ክፍል ውስጥ አባት ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር፥ እናት አጠገቡ በእንዝርት ስትፈትል፥ ሦስት ልጆች እንደ ልባቸው ቢሮጡ ድሩ ይበጠሳል፤ የዕለት እንጀራም ከድሩ ጋር ይበጠሳል። ሥርዓቱን የወለደው ጥበቱ ነው።

የአያት ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሠርቶ፥ በእንሰት ቅጠል ተከድኖ፥ ከፊቱ ሲያዩት የዝሆን ራስ የሚመስል ረጅም ቤት ነው። በውስጡ እሳት ይነዳል፤ ከብቶቹም በአንድ ወገን ይታሰራሉ። ልጁ ከዚያ ደጅ ሲደርስ አያቱ ሮጣ ታቅፈዋለች፤ ከቅቤው ቅልም ዛቅ አድርጋ አናቱን ትቀባዋለች። ቅቤው በግንባሩ ይወርድና ከአዲሱ ሸሚዙ አንገትጌ ይገባል። በዚህን ጊዜ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

«እማማ፥ ሸሚዙ እኮ አዲስ ነው፤ ቅባቱ አይለቅልኝም» ትላለች ምራቲቱ።

«ልጄ፥ ሸሚዝስ በከተማ ሞልቷል። ይህን ራስ ግን ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር» ትላለች አሮጊቲቱ።

በዚህ ክርክር የምትረታው አሮጊቲቱ ናት። ልብስን አለማቆሸሽ የታዘዘው ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት፥ የሚያጥብ ሰውም ለሚቸግርበት ለከተማው ቤት ነው። በአያት ቤት ያለው ሥርዓት ሌላ ነው፤ እርሱም እንግዳ ልጅ ተቀብቶ ይገባል የሚል ነው። እንግዲህ ልጁ ከሥርዓት ወጥቶ ወደ ልቅነት አልሄደም፤ ከአንድ ሥርዓት ወጥቶ ወደ ሌላ ሥርዓት ገባ እንጂ። እናት የከተማዋን ሕግ በአማቷ ቤት ልታስከብር ብትሞክር ልጁን አታርመውም፤ አማቷን ታዋርዳለች፥ ልጁም የአያቱ እጅ የሚያቆሽሽ እጅ እንደ ሆነ ይማራል። ይህን አንድ ጊዜ የተማረ ልጅ ዐሥር ሸሚዝ በንጽሕና ቢይዝ ምን ይጠቅመዋል?

ስለ መኝታ ሰዓትም እንደዚሁ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል መተኛት የታዘዘው በማለዳ ለሚጠራው ለትምህርት ቤት ደወል ነው። ደወል በሌለበት ተራራ ላይ፥ የአጎትና የአክስት ልጆች ሁሉ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው፥ እሳቱ እየበራ፥ አያት የዘሩን ሐረግ ከአባት ወደ አባት ሲቈጥር፥ «አንተ ተኛ፤ ሰዓቱ አልፏል» ብሎ ልጁን መጎተት ምን ማለት ነው? ልጁ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ይህንኑ ሊሰማ አይደለምን? በነጋታው እስከ ረፋድ ቢተኛ የሚጎድል ነገር የለም። እንዲያውም በዚያች ሌሊት የሰማው የአባቶቹ ስም ከማናቸውም መጽሐፍ ሊያገኘው የማይችለው ትምህርት ነው፤ አያቱ ሲሞት አብሮ የሚቀበር ትምህርት ነውና።

ከዚህ የበለጠ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። በከተማ የሚያድገው ልጅ ጋሞኛን ሰምቶ ጥቂት ያስተውላል እንጂ አጥርቶ አይናገርም። አባቱ በትምህርት ቤት እንዳያፍር ብሎ በአማርኛ ብቻ አሳድጎታል፤ አንዲት ቃል ስትጠምበት ያርመዋል። ወደ ጨንቻ ሲመጣ ግን ይህ ብርቱ ተናጋሪ አያቱን ውኃ ለመለመን ቃል ያጣል፤ በጥቅሻና በጣት ይለምናል። የአጎቱ ልጆች ይስቁበታል፤ እርሱም አፍሮ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይሸሸጋል። በበዓሉ ሰሞን ሊላላ የሚገባው አንደኛው ሥርዓት ይህ ነው። ልጁ ጋሞኛን እያበላሸ ይናገር፤ ይሳቅበት፤ እርሱም አብሮ ይሳቅ። ሁለት ሳምንት እንዲህ የዋለ ልጅ ሲመለስ አያቱን በስም ብቻ ሳይሆን በቃልም ያውቃታል። ልጁ በአማርኛ ሲሳሳት የሚቆጣ አባት፥ ልጁ ከገዛ እናቱ ጋር መነጋገር ሲሳነው አለማፈሩ የሚያስገርም ነው።

በበዓል ቀን ለልጆች ሥርዓትን ማላላት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። አባቶች አስበው ያቆሙት ነገር ነው። በማናቸውም ቀን ልጆች በትር ይዘው፥ እየጮኹ፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ሙልሙል ቢለምኑ ይገረፋሉ፤ ለቡሄ ግን ሆያ ሆዬ እያሉ ቢመጡ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ ይሰማቸዋል፥ ባዶ እጃቸውን ቢሰድዳቸውም እርሱ ያፍራል። ጾምን በብርቱ የምትጠብቀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት የረቡዕንና የዓርብን ጾም ታነሣለች። በሩቅ አገርም ቢሆን ይህ ታውቆ ነበር፤ በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን በብዙ ካቴድራሎች በታኅሣሥ ወር ከመዘምራኑ ልጆች አንዱ የጳጳስ ልብስ ለብሶ እንደ ጳጳስ ይከበር ነበር። ይህ ልማድ በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1541 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተሻረ። በእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይገኛል፤ የሚጀመርበት ቀን እንደ ታወቀ የሚፈጸምበትም ቀን የታወቀ ነው። ሆያ ሆዬ ሲያልፍ ለማኝ ልጅ ለማኝ ይባላል። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ረቡዕ ተመልሶ ረቡዕ ይሆናል።

እንግዲህ ማላላቱ መልካም ከሆነ ክርክሩ ስለ ምንድር ነው ቢባል፥ ስለ ምርጫው ነው። ብዙ ወላጆች በበዓል ቀን ቀላሉን ሥርዓት አጥብቀው ይይዛሉ፥ ከባዱን ግን ሳያውቁት ከእጃቸው ይለቃሉ። ስለ ሸሚዝ፥ ስለ ከረሜላና ስለ መኝታ ከአማት ጋር ይጣላሉ፤ ልጁ ከአጎቱ ጉያ ተቀምጦ ከአረቄው ብርጭቆ ከንፈሩን ሲነክር ግን ይስቃሉ። «ጎበዝ! ወንድ ልጅ ነው» ይባላል። ቦርዴ እንደ ምግብም የሚጠጣ መጠጥ ስለ ሆነ በአገሩ ልማድ ብዙ ነቀፌታ የለበትም ይሆናል፤ አረቄ ግን ለሕፃን አካል እሳት ነው፥ በመስቀል ቀንም እሳትነቱን አይተውም።

የሥጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ለመስቀል በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲከፋፈል፥ ጥሬ ሥጋ በልቶ ደስ ማለት የታላላቆች ልማድ ነው። ነገር ግን የኮሶ ትል በጥሬው የበሬ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ በእሳት በሚገባ ሲበስል ግን ይሞታል። ትልቅ ሰው ያውቃል፥ መድኃኒቱንም ይጠጣል፤ ልጅ ግን ለራሱ የሚመርጥበት ዕውቀት የለውም። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆነው ቁራጭ ከምጣዱ ይገባል። እጅ መታጠብም ከቀላሎቹ መካከል የሚቈጠር አይደለም፤ ልጁ ከከብቶቹ ጋር ሲጫወት ውሎ በዚያው እጁ ቆጮውን ከዳጣ ያጠቅሳልና። እሳቱም አለ። ቤቱ ቀርከሃ፥ ክዳኑ ደረቅ ቅጠል ሆኖ ሳለ፥ ችቦ ይዘው የሚሯሯጡ ልጆች ከቤት ርቀው ይሩጡ ማለት ደስታን መከልከል አይደለም። በከተማ በምድጃ ክዳን የሚፈራ እናት በደመራ ማግስት ፍሙን ረስታ መዋሏ እንግዳ ነገር ነው።

አንዳንድ ልጅ ደግሞ በዓል ሆነ ማለት የሁሉ ነገር ባለቤት ሆንሁ ማለት ይመስለዋል። በጨንቻ የፖም ዛፍ አለ፤ በአገሩ ሰው አፕል የሚባለው ነው። ወደዚያ ደጋ ያስገቡት ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፥ ከጊዜ በኋላ ፍሬውም ችግኙም ለገበሬው የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። የከተማው ልጅ ግን ችግኙን ነቅሎ እንደ ሰይፍ ይወዛወዝበታል። አያቱ ስለ በዓሉ ብሎ ዝም ይላል፤ ወላጆቹም አያት ዝም ካለ ምን አገባን ይላሉ። ያ ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ የእንግዳ ተቀባይ ሰው ትዕግሥት ነው። በፈቃድና በትዕግሥት መካከል ያለውን ልዩነት ለልጁ ሊያሳዩት የሚገባቸው ወላጆቹ ናቸው፥ ችግኙንም መልሶ መትከል የልጁ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ንቀት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ጫማ አለው፤ የአጎቱ ልጅ ምናልባት በባዶ እግሩ ይሆናል። የከተማው ልጅ ስልክ አይቷል፥ ባቡር አይቷል፤ ስለዚህ ገበሬውን ልጅ «ባላገር» ብሎ ይጠራዋል። ወላጆቹ ይሰማሉ፤ ልጅ ነው፥ ቀኑም በዓል ነው ብለው ያልፋሉ። ነገር ግን ያ «ባላገር» የተባለው ልጅ ስንት ከብት ከነመልካቸው ለይቶ ያውቃል፤ የትኛው እንሰት እንደ ደረሰ፥ የትኛው ገና እንደ ሆነ ከሩቅ ይናገራል፤ ጉም በወረደ ጊዜ መንገድ ሳይስት ቤቱ ይገባል። በበዓሉ ሰሞን ይህን ልጅ መስደብ የሚፈቀድ ከሆነ፥ የበዓሉ መሠረት ተናደ ማለት ነው፤ መስቀል በጋሞ የእርቅ ቀን ነውና። የዶርዜ ቤት በአዲስነቱ እስከ 12 ሜትር ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን ምስጥ ከሥሩ እየበላው ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ ያው ቤት ነው።

ስለ ሴቶች ልጆች ሳይነገር ቢታለፍ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ቀንበር ወረደ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከወንዱ ጫንቃ ነው። ወንዱ ልጅ በመስቀል ሰሞን ሲሮጥ ይውላል፤ እኅቱ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ውኃ ትቀዳለች፥ እንሰት ከሚፍቁት ሴቶች ጋር ትቀመጣለች፥ ለእንግዳ ታቀርባለች፥ ዕቃ ታጥባለች። ለእርሷ በዓል ማለት ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። አያት «ልጅቱ ትማር እንጂ» ትላለች፤ መማሩም መልካም ነው፥ የእንሰትን ሥራ ከአያቷ እጅ ማየት ለከተማ ልጅ ታላቅ ትምህርት ነውና። ነገር ግን ሥራው ለሁለት ቢከፈል ምን ይጎዳል? ወንድሟ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ ቢያመላልስ ወንድነቱ አይጎድልም፤ እርሷም ከፀሐይ መግባት በፊት ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ለመጫወት ጊዜ ታገኛለች። በበዓል ቀን ለማን እንደሚላላ ሳይታሰብ የሚላላ ሥርዓት፥ ለአንዱ ልጅ ዕረፍት ሲሆን ለሌላይቱ ዕዳ ይሆናል።

የማይላላው ሥርዓት ምን ኀይል እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ፤ ወጣቶችም በቀል ሊፈጽሙ በቁጣ ተነሡ። መስቀል ሊደርስ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። በዚያን ሰዓት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ ሽማግሌ እርሱን ይዞ ሲንበረከክ ታልፎ አይኬድም። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ቀን ያቆማቸው የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ በሕፃንነታቸው በቤትና በዱቡሻ ሲያዩት ያደጉት ነገር ነው። በቁጣ ቀን የሚገኘው ሥርዓት በደስታ ቀን ሳይጣል የቆየው ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ በመስቀል ዕለት ሽማግሌ ሲገባ ተነሥቶ ስፍራውን ቢለቅ፥ ሽማግሌ ሲናገር ቃሉን ባያቋርጥ፥ ይህ ከመኝታ ሰዓት ጋር በአንድ ሚዛን የሚመዘን አይደለም። ይህን የሚያላላ ወላጅ ምን እንዳላላ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ደግሞ የመመለሻው ቀን አለ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ መስቀልም በመስከረም ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ በዓሉን ለማክበር የትምህርቱን መጀመሪያ ያጣል። ይህ ራሱ አንድ ማላላት ነው፥ ከአስተማሪው ጋር ተነጋግረው ቢያደርጉትም ነውር የለበትም፤ አያቱን በዓመት አንድ ጊዜ የሚያይ ልጅ ጥቂት ቀን ቢጎድል ይካካሳል። የሚጎዳው ቀኑ ሳይቈረጥ ሲቀር ነው። «ዛሬ ሥጋው አላለቀም፤ ነገ አክስትህ ትመጣለች፤ ከነገ ወዲያ የገበያ ቀን ነው» እየተባለ ጥቅምት ይገባል። ልጁ ሲመለስ ጓደኞቹ ከመጽሐፉ ብዙ ገጽ አልፈዋል፤ እርሱም እንዳልገባው ለመናገር ያፍራል፥ በኋላም ወንበር ላይ ተቀምጦ በልቡ ከክፍሉ ይወጣል። ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሡ «በዚህ ቀን እንመለሳለን» ብሎ ለልጁም ለአያቱም መናገር ይህን ሁሉ ያስቀራል። አያት በመጀመሪያ ታዝናለች፤ ነገር ግን ቀኑን ስለምታውቀው እያንዳንዱን ሌሊት ቆጥራ ትጠቀምበታለች።

እስከዚህ የተነገረው ከከተማ ስለሚመጣው ልጅ ነው። በዚያው ቤት ግን ከከተማ ያልመጣ፥ ነገር ግን ወደ ከተማ ሊሄድ የሚችል ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ከከባዱ ሥርዓት ሁሉ ከባዱም በእርሱ ላይ የሚላላው ነው።

ከጨንቻና በዙሪያው ካሉት የጋሞ ደጋ መንደሮች ሕፃናት ለሸማ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ መኖራቸው የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስዳቸው ባዕድ አይደለም፤ ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ነው። የሚነገረውም ቃል መልካም ቃል ነው፤ «ስጡኝ፤ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ፥ ሙያም አስተምረዋለሁ» ይባላል። ከሚሄዱትም መካከል የተማሩና ሰው የሆኑ አሉ። ሌሎቹ ግን ከንጋት እስከ ሌሊት ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ትምህርት ቤቱን ሳያዩት፥ ደመወዙን ሳይነኩት ዓመታት ያልፋሉ። የሸማ ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ቢማረው ርስት ነው። ከቤቱ የተለየ ሕፃን ሌሊቱን ሁሉ ሲሠራው ግን ርስት አይባልም።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላ ቀን ቢጠየቅ አባት ያስባል፤ ከሚስቱ ጋር ይመክራል፥ ሽማግሌ ይጠይቃል። በመስቀል ሰሞን ግን ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ጠያቂውም ስኳርና አዲስ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ነው። በበዓል ቀን ዘመድን እምቢ ማለት ያሳፍራል። ልጁ ራሱ በከተማው ልጅ ጫማ ቀንቶ «ልሂድ» እያለ ያለቅሳል። እናት የልጇን ዕንባ፥ አባትም የእንግዳውን ፊት አይቶ «እሺ» ይላል። ከዓመት እስከ ዓመት ልጁን ከእሳት፥ ከገደልና ከውኃ የጠበቀ ሥርዓት በአንዲት ምሽት በአንዲት ቃል ይላላል፤ ስለ ሸሚዙ ቅቤ ግን ሦስት ቀን ተከራክረዋል።

የአገሩ ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ፥ ትምህርታቸውንና ጤንነታቸውንም ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ከሥራ እንዲያርፍ ያዛል። ነገር ግን አዋጅ በተራራው ላይ ባለች ጎጆ ውስጥ፥ በእሳት ዙሪያ፥ በዘመድ መካከል የሚባለውን «እሺ» አይሰማም። የሚሰማው አባትና እናት፥ አያትም ናቸው።

ስለዚህ በጨንቻ አገር ልጁን የሚጠይቀው ዘመድ በመጣ ጊዜ አባት መልሱን ከበዓሉ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል፤ እንግዳው እስኪሄድ ጥቂት ቀን አለና። በዚያን ጊዜ አያቲቱ በተቀመጠችበት ይጠይቀው። ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት ስሙ ማን ይባላል? በየትኛው ሰፈር፥ ከማን ጋር ይተኛል? ከመሥሪያው ላይ የሚቀመጠው በቀን ስንት ሰዓት ነው? ቢታመም ማን ወሬ ይልካል? ለሚመጣው መስቀል ይዞት የሚመለሰውስ ማን ነው? ዘመዱ እውነተኛ ከሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ሰምቶ አይቆጣም፤ ራሱም አባት ነውና ተቀምጦ አንድ በአንድ ይመልሳል። ቢቆጣ ግን ልጁ በዚያ ዓመት ከአያቱ ቤት ይክረም።